ለወንድምህ መሰንቆ ስትሠራ

ወይራው ለመሰንቆው ሳጥን አይሆንም። ከሰላምታ አስቀድሜ ይህን የምጽፍልህ ልብህን ልሰብር ብዬ አይደለም፤ ወንድምህ ጎጆ ሊወጣበት ቆርጦ ያስቀመጠውን ምሰሶ ሰንጥቀህ ከፈጀኸው በኋላ የአጎት ምክር ስለማይረባህ ነው። ከእሱ እንጨት መሰንቆ ሠርተህ በሙት ዓመቱ ቀን ለማስመታት ማሰብህ ግን አስደስቶኛል። እሱን ነፍሱን ይማረውና፣ ከጋሸና በኩል መርዶው የመጣ ዕለት የነደድኸው አንተ ብቻ አይደለህም፤ ለእኔም የእህቴ ልጅ ነበር። ስለዚህ ምክር ከጠየቅኸኝ አይቀር፣ የሚጥመውንም የሚጎመዝዘውንም ሳልሸሽግ እነግርሃለሁ።

ወይራ ምን ዓይነት እንጨት እንደሆነ ላንተ አይነገርህም። ለምሰሶ፣ ለዘነዘና፣ ለዱላ የሚሆን፣ ምስጥ የማይደፍረው ከባድ እንጨት ነው። መሰንቆ ደግሞ አራት ስስ ሳንቃ ተገጥሞ፣ ፊቱና ጀርባው ቆዳ ለብሶ የሚሠራ ባዶ ሳጥን ነው። ድምፁ የሚመጣው ከቆዳውና ከዚያ ባዶ ሆድ ነው። ሳንቃው ከከበደ ድምፁ እዚያው ታፍኖ ይቀራል፤ ተጫዋቹም እጁ ይዝላል። ለሳጥኑ ዋንዛ ወይም ዝግባ ፈልግ። ዋንዛ የእናንተን የፍላቂትን ብርድ አይወድም፤ የወይና ደጋ ዛፍ ነው። ትኩስ ግንድ ከመግዛት ይልቅ ግን ቆላ ቀመስ ካለው አገር የመጣ አሮጌ የዋንዛ በር ወይም የተሰበረ ሣጥን ብታገኝ ይሻልሃል። አሮጌ እንጨት ሊሸበሸብ የነበረውን ተሸብሽቦ፣ ሊሰነጠቅ የነበረውን ተሰንጥቆ ጨርሷል። ትኩሱን ዛሬ ገጥመህ ብትለብጠው በበጋው ፀሐይ መጋጠሚያው ይከፈትና ሥራህን እንደገና ትጀምራለህ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ደን ግን አንድም ቅርንጫፍ እንዳትነካ። ጥዱ ቆንጆ ነው፣ ዝግባውም ይኖራል፤ ቢሆንም ለሙታን መታሰቢያ ብለህ የሙታንን ጥላ አትቆርጥም።

ታዲያ የወንድምህ ወይራ የት ይግባ? ሸክም የሚበዛበት ቦታ ላይ። መሰንቆ ላይ ሁለት የሚጎተት ነገር አለ፤ አንዱ አንገቱ፣ ሌላው መቃኛው። አንገቱ ሳጥኑን ከላይ ወደ ታች አቋርጦ በታችኛው ማዕዘን ብቅ የሚለው ረጅሙ እንጨት ነው፤ አውታሩ የሆነው የፈረስ ጭራ ከታች እሱ ላይ ይታሰራል፣ ከላይ መቃኛው ላይ ይጠመጠማል። ለስላሳ እንጨት ከሆነ ዓመት ሳይሞላው ይጎብጣል። ወይራ ግን አይጎብጥም። መቃኛውም እንዲሁ ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ እየተሽከረከረ ስለሚፋተግ ጠንካራ እንጨት ይፈልጋል። ቀዳዳውን ከአንድ ወገን ሰፋ፣ ከሌላው ጠበብ አድርገህ በርበረው፤ መቃኛውንም እንደዚያው አሹለህ ጥቂት ሞረድ፣ አስገብተህ አዙር፣ አውጣ፣ የሚያብረቀርቀውን ቦታ ብቻ እንደገና ሞረድ። የሚያብረቀርቀው የነካው ነው። ዙሪያውን እኩል እስኪያብረቀርቅ ድረስ አትሰልች። መቃኛው የሚሸሽ መሰንቆ ተጫዋቹን ያዋርዳል፤ በልቅሶ መሐል ቅኝት የሚያስተካክል ሰው አይተህ ታውቃለህ?

ደጋኑን ከምሰሶው ለመጥረብ አትሞክር። ደረቅ ወይራ አይለመጥም፤ ጠማማ አድርገህ ብትጠርበው ደግሞ የእንጨቱ ክር ስለሚቆረጥ መሐሉ ላይ ይሰበራል። ይልቅ ወንድምህ ያንን ዛፍ ወደ ቆረጠበት ቦታ ሂድ። ወይራ ጉቶው አይሞትም፣ ያቆጠቁጣል። እስካሁን ጣት የሚያህል ለጋ ቅርንጫፍ ሰድዶ ይሆናል። አንዱን ብቻ ቁረጥ፣ ልጡን ላጠው፣ ርጥብ ሳለ ለምጠህ በገመድ ወጥረውና ጥላ ውስጥ አንጠልጥለህ ተወው። ከዚያው ሥር የበቀለ ነውና የእሱ ለመሆኑ ክርክር የለበትም።

ምሰሶውን ከመጋዝህ በፊት በእጅህ ዳብሰው፣ በማግኔትም ፈትሸው። ሰው ምስማር መትቶበት ሊሆን ይችላል። ጦርነት በነበረበት አገር ደግሞ ከምስማር የባሰም ነገር እንጨት ውስጥ ይገኛል፤ ጥይት የገባበትን ሳንቃ ሳያውቅ መላጊያ ያስኬደ ሰው መላጊያውን ብቻ ካጣ ዕድለኛ ነው። በዚህ አጋጣሚ፣ "ዳር ዳሩን በቀለህ አስጌጠዋለሁ" ያልኸውን ተው። ከምሽግ ተለቅሞ የመጣ ነገር ባዶ ይሁን አይሁን በዓይን ብቻ አይለይም፤ ልጆች እንደዚህ ያለውን ሲነካኩ ምን እንደሚሆኑ አንተው ሰምተሃል። የማይታወቅ ብረት ካየህ ሳትነካው ቦታውን አስታውሰህ ለሚመለከተው አካል ንገር። ባዶ መሆኑ የተረጋገጠ ቢሆንም እንኳ አልወደውም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ቆዳው። እናትህ ለተዝካሩ ያረደችው በግ ቆዳ እንዳለ ጽፈሃል። አሳብህ ይገባኛል፤ ነገር ግን የበግ ቆዳ ስብ ይበዛዋል፣ ፍቀህ አትጨርሰውም፣ ሲደርቅም ይላላል፣ ይገሸለጣል። ፍየል ይሁን። ብራና ለመጽሐፍ የሚፍቁ ሰዎችም ፍየልን የሚመርጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ላስታ ብራና ፋቂ አጥታ አታውቅም፤ እኔን ከመስማት ይልቅ ሂድና ከአንዱ ጎን ቁጭ ብለህ እጁን እይ። ፀጉሩ ሲወርድ፣ ሥጋው ሲፋቅ፣ ቆዳው በፍሬም ላይ ተወጥሮ ብርሃን ሲያሳልፍ ካየህ የቀረውን ራስህ ታውቀዋለህ። ለመሰንቆ የሚፈለገው ለመጻፊያ የሚሆነውን ያህል የሳሳ አይደለም፤ እየፋቅህ በጣትህ ምታው፣ ድምፁ ይነግርሃል። ርጥቡን ሳጥኑ ላይ አልብሰህ የፊቱንና የጀርባውን ጠርዝ በጠፍር እያሳበርህ ስፋ። እጅግ አታክርረው፤ ሲደርቅ ራሱ ስለሚከር ስሱን ሳጥን ያጣምመዋል ወይም ራሱ ይቀደዳል። እሳት ዳር አታድርቀው። ጥላና ነፋስ ይበቁታል፤ መቄት ደግሞ ነፋስ ከጠፋ ምን ይገኛል!

በክረምት ጉሙ ሲወርድ ቆዳው መላላቱ አይቀርም። ያኔ ተጫዋቹ እንደ አባቶቹ ወደ ምድጃው ጠጋ አድርጎ ያሞቀዋል። ጨርሶ እንዳይላላ ብለህ ቀለም ወይም ቨርኒሽ ብትቀባው ግን ድምፁን ገደልኸው።

ጭራው የወንድ ፈረስ ይሁን። ባዝራ ሽንቷ ጭራዋን ስለሚያርሰው ፀጉሩ ይሞታል፤ የውጭ አገር የቫዮሊን ደጋን ሠሪዎችም ይህን ይጠነቀቃሉ ይባላል። በሳሙና አጥበህ፣ አድርቀህ፣ አጭሩንና የተቆረጠውን ለይተህ፣ ረጅሙን ጎን ለጎን ሰብስብ። አንዱ ለመሰንቆው፣ አንዱ ለደጋኑ። ሁለቱንም እጣን ካልቀባሃቸው ድምፅ አይወጣም፤ ልስልስ ብለው ይንሸራተታሉ እንጂ አይያያዙም። ናይለን የሚያስሩ አሉ፤ ለሠርግ ቤት ጩኸት ይበቃል፣ ላንተ ጉዳይ ግን አይሆንም። ጭራውን ከቆዳው ከፍ አድርጋ የምትይዘውን ትንሿን እንጨት ከየትኛውም ፍርፋሪ ልትሠራት ትችላለህ፤ ብቻ አታጣብቃት፣ ተጫዋቹ ወዲያና ወዲህ እያንሸራተተ የራሱን ቦታ ይፈልግላት።

ስም አትቅረጽበት። ይህ የሚያስከፋህ ይመስለኛል። ሳንቃው ስስ ነው፤ ስትቀርጸው ይሰነጠቃል፤ ባይሰነጠቅም ቀርጸህ የምታሳየው ለማን ነው? ላሊበላ ሄደህ ለጎብኚ የሚሸጠውን መሰንቆ እየው፤ መስቀሉም፣ አንበሳውም፣ ቤተ ጊዮርጊስም ተቀርጾበታል፣ ጭራው ግን ለይስሙላ የተወጠረ ነው፣ ቤትህ ወስደህ ግድግዳ ላይ ከመስቀል በቀር አይረባም። እንዲህ ያለ ለዓይን ብቻ የሚሆን መታሰቢያ አገራችን ሞልቷል። አጼ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር እየጎተቱ በጋይንት፣ በዘቢጥ፣ በዋድላ አድርገው ወደ መቅደላ ሲወስዱ የተራመዱት የእናንተን ሸንተረር ነው። ለዚያ መድፍ ስንት ሰው መንገድ ሲቆፍር፣ ድንጋይ ሲፈነቅል፣ ገመድ ሲጎትት እንደዋለ አስበው። ዛሬ አምሳያው አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ቆሟል፤ የጎተቱት ሰዎች ስም ግን የለም። ሐውልት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የየካቲት 12 ሐውልት ስድስት ኪሎ ባይቆም ኖሮ ስንቱ ወጣት ያንን ቀን በረሳው ነበር። ሐውልት ግን የመንግሥት ነው፤ ሲሾሙ ያቆሙታል፣ ሲሻሩ አንዳንዴ ያፈርሱታል። መሰንቆ የቤት ነው፤ በየዓመቱ ተወርዶ ካልተመታ ምንም አይደለም። የወንድምህን ስም በቃል የሚያነሣው ተጫዋቹ ነው። የክርስትና ስሙን ደግሞ በወረቀት ጽፈህ ለንስሐ አባትህ ስጥ፤ ለጸሎተ ፍትሐቱ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

"በገና ይሻላል" የሚሉህ ይኖራሉ፤ ክፉ ምክር አይደለም። በገና የዳዊት ነው፣ በዓቢይ ጾም የሚደረደር፣ ለጸሎት የተለየ መሣሪያ ነው። ዓለሙ አጋን የመሳሰሉ ሊቃውንት በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እስከ ማስተማር ደርሰው ዕድሜ ሰጥተውታል። ነገር ግን አሥር አውታር ከበግ አንጀት መግመድ፣ ለእያንዳንዱ አውታር ከሥሩ የምትገባውን ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራውን፣ እስኪያጉረመርም ድረስ ማስተካከል የጀማሪ ሥራ አይደለም። ደግሞም ወንድምህ የሚወደው መሰንቆ ነበር። ሠርግ ቤት አዝማሪው አጠገብ ካልተቀመጠ ራት የማይበላ ልጅ ነበር፤ አንተ ታስታውሰዋለህ፣ እኔም አልረሳሁትም።

ከቤተ ዘመድ አንዳንዱ "አዝማሪ ልትሆን ነው?" እያለ እንደሚተርብህ ጽፈሃል። ይህን ስድብ በቸልታ አትለፈው፤ በትዕግሥት መልስለት። አገራችን ያለ አዝማሪ ሳትሠርግ፣ ያለ እሱ ሳትዘምት ኖራ ስታበቃ ልጇን ግን አትድርለትም ነበር። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ሕዝቡን ለሚመጣው ጦርነት ያነቃቃው በንግግር ብቻ አልነበረም፤ መሰንቆና ክራር የያዙት ባለሙያዎች ከተናጋሪዎቹ አላነሱም። ጣልያን ይህን ከእኛ በተሻለ ተረድቶታል። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣልያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የአዲስ አበባ ሕዝብ መታረዱን ሁሉም ያውቃል፤ በግንቦት ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት አለቁ። በመሐሉ፣ በመጋቢት፣ ግራዚያኒ ለሮም በላከው መልእክት ጠንቋዮችን፣ ትንቢት ተናጋሪዎችንና በየአገሩ የሚዞሩትን አዝማሪዎች እያስያዘ እንዲረሸኑ ማዘዙን አስታውቋል። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ በየገበያው የአገዛዙን መጨረሻ የሚያወሩት እነሱ ናቸው ብሎ ነው። ጠመንጃ ያልያዘ ሰው፣ አንድ ጭራ የተወጠረበት ሳጥን ታቅፎ፣ በቅኔው ምክንያት ግድግዳ ተደግፎ ተረሸነ። የብዙዎቹን ስም የመዘገበ የለም። ስለዚህ "አዝማሪ ነህ" ሲሉህ፣ የጦር ሜዳ ሰማዕት ከሚቆጠርበት መዝገብ እነዚህ እንደጎደሉ ንገራቸው። የምትሠራው መሰንቆ የወንድምህ ነው፤ ጥግ ላይ ግን ለእነሱም ቦታ አለው።

የእኛም ወገን ከዚያ መከራ አልተረፈም። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ዋግንና ላስታን ይዘው በጣልያን ላይ ተነሥተው፣ በ1930 ዓ.ም. መግቢያ ሲወድቁ ጣልያን አንገታቸውን ቆርጦ ለሕዝብ አሳይቷል። ሕዝቡ እንዲፈራ ነበር የተደረገው፤ የሆነው ግን ግጥም ነው፤ እንዲህ ያለውን ሞት በአፍ ይዞ የሚቀጥለው አልቃሽና አዝማሪ ነው።

አሁን ወደ ቀለሁ ልመለስ። መሰንቆ ሁለት ስለት አለው። አዝማሪ ሙት ያነሣል፣ አዝማሪ ሕያዋንንም ያስገድላል። "ደመላሽ የለህም ወይ" ብሎ አንድ ስንኝ ከወረወረ፣ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ጎረምሳ በዚያው ጠመንጃውን አንሥቶ እንደሚወጣ አገር ያውቃል። ሽለላና ቀረርቶ በቦታቸው ክብር አላቸው፤ አባቶቻችን ያለ እነሱ አልዘመቱም። በወንድምህ መሰንቆ ግን እንዳይገቡ። ወንድምህን የወሰደው የሰሜኑ ጦርነት በሐምሌ 2013 መጨረሻ ላሊበላ ደርሶ፣ ከተማይቱ በኅዳርና በታኅሣሥ 2014 ከእጅ ወደ እጅ ስትገለባበጥ የሞተው በእኛ በኩል የነበረው ብቻ አይደለም። ወዲያኛው ምሽግ ውስጥ የወደቀውም ልጅ እናት አለችው፤ የእሷም በር ላይ ያላለቀ ጎጆ ይኖራል። በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ፊርማ ተኩስ ያቆማል እንጂ ልብ ውስጥ አይገባም። ከዚያም ወዲህ ቢሆን የአማራ ምድር በሌላ ተኩስ እንደታመሰ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ በቀለህ ያጌጠ መሰንቆ ይዞ ልቅሶ ቤት የሚገባ ሰው፣ ምንም ክፉ ባይናገር፣ መሣሪያው ራሱ ይናገርበታል።

በሙዚቃ መሣሪያ ስለ ሙታን ለመናገር ያሰብኸው አንተ ብቻ አይደለህም። ኮሎምቢያ ውስጥ ሴሳር ሎፔስ የሚባል ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ2003 ቦጎታ ከተማ ውስጥ ከደረሰው ፍንዳታ በኋላ ጠመንጃን ወደ ጊታር ቀይሯል፤ ዓለም አጨብጭቦለታል። አሳቡ መልካም ነው፣ የገደለውን ብረት እንዲዘፍን ማድረግ። ለእኔ ግን ይበልጥ የሚቀርበኝ ቴል አቪቭ ውስጥ ይሠራ የነበረው ቫዮሊን ሠሪ አምኖን ዋይንስታይን ነው። በናዚ ዘመን ያለቁትና የተረፉት አይሁድ ይዘዋቸው የነበሩትን ቫዮሊኖች ከያሉበት ሰብስቦ፣ የተሰነጠቀውን ገጥሞ፣ የተበላውን ተክቶ ለመድረክ አበቃቸው። ሙዚየም መስተዋት ውስጥ ሊቆልፋቸው ይችል ነበር፤ እሱ ግን በታላላቅ የሙዚቃ አዳራሾች አስመታቸው። ቫዮሊኑ የሞተውን ሰው አገጭና ትከሻ የነካ ነው፤ ሌላ ሕያው ሰው አገጩን ሲያሳርፍበት ነው መታሰቢያ የሚሆነው። ወንድምህ መሰንቆ አልነበረውም፤ የነካው እንጨት ግን አለ፤ በምሳር የጠረበበት ምልክት ምሰሶው ላይ እስካሁን ይታያል። አንገቱን ስትጠርብ ያንን የምሳር ምልክት በአንድ በኩል ሳትልገው ተወው። እጅ በማይንሸራተትበት በጀርባው በኩል ይሁን። ጌጥ ካስፈለገህ ያ ይበቃል።

ማን ይመታዋል? አንተ ገና ጀማሪ ነህ፤ ራስህን አታታልል። ዘንድሮ አንድ ጨዋ አዝማሪ ፈልግ፤ ከሠርጉ ይልቅ እንጉርጉሮው የሚሆንለት ሰው ይሁን። ወጪውን አትከራከረው፤ ቢቻል ከቀኑ በፊት መጥቶ መሰንቆውን ይሞክር፣ ከእጁ ጋር ይለማመድ፣ የሚያስቸግረውን ይንገርህና አርምለት። ቅኝቱን ለእሱ ተውለት፤ ትዝታ ቢሆን፣ አምባሰል ቢሆን፣ ባቲ ቢሆን የወሎ ልጅ በየትኛውም ያለቅሳል። ስለ ወንድምህ ግን ቁጭ ብለህ አጫውተው፤ የሚወደውን፣ የሚያስቀውን፣ ሊሠራ አስቦ የነበረውን ጎጆ፣ ሰው ሲጠራው እንዴት "አቤት" ይል እንደነበር። "ጀግና ነበር" ብቻ ካልኸው በየልቅሶው የሚለውን ይልልሃል። አብረውት የወደቁትን ልጆች ስምም ስጠው። አንዳንዶቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ወላጆቻቸውን በሙት ዓመቱ ቀን ጥራ፣ ሥጋውን ለየብቻ አሰናዳ፣ ዱዓ ሲያደርጉ መሰንቆው ዝም ይበል። በአገራችን ይህን የማያውቅ የለም፤ አንተ ወጣት ስለሆንህ ነው የምነግርህ። ወደ መቃብሩ ስትሄዱም መሰንቆውን ከቤት ተዉት፤ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን የካህናት ነው፣ ንስሐ አባትህንም አታስጨንቅ።

እስከዚያ ሳጥኑ ከተለበጠ በኋላ ቀስ ብለህ አንተም ተማር። በማትመታው ጊዜ መቃኛውን አላላው፤ ተወጥሮ የከረመ ቆዳ ይደክማል። ግድግዳ ላይ ስቀለው፣ ወለል ላይ ካስቀመጥኸው አይጥ ቆዳውን ትበላዋለች። ጢስ ቢያገኘው አይጎዳውም፤ ነቀዝ ያባርርለታል። የእሳት ወላፈን ግን አያግኘው።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ሁሉን ጽፈህልኝ ይህን ብቻ አልጻፍህም። እናትህን ጠይቀሃታል? ምሰሶው ያንተ አይደለም። መርዶው ከመጣበት ቀን ጀምሮ በጓዳው በር ተደግፎ ቆሞ ነው ያለው፤ እህቴን የማውቃት እኔ ነኝ፣ ስትወጣም ስትገባም በእጇ ሳትነካው አታልፍም። አንተ መታሰቢያ ልትሠራ አስበሃል፤ እሷ ግን መታሰቢያዋን ካቆመች ቆይታለች፤ ሰው አላየላትም እንጂ። ብቻዋን በሆነች ጊዜ፣ ቡና አፍልታ በተቀመጠችበት፣ ቀስ ብለህ ጠይቃት። "ለአንገትና ለመቃኛ ብቻ፣ ከላይኛው ጫፍ ክንድ ተኩል ያህል" በላት፤ የቀረው ባለበት እንደሚቆም ንገራት። ወዲያው ካልመለሰችልህ አትወትውታት፤ የሙት ዓመቱ ለከርሞም ይደርሳል።

እሺ ካለች የመቃኛውን ቁራጭ በወልድያ መኪና ላክልኝ። ዓይኔ ቢደክምም እጄ ሞረድ አልረሳም፤ ያቺን እኔ እሠራለታለሁ። እሺ ካላለች ግን ምሰሶውን ከተደገፈበት አታንሳው፤ አንገቱን ከሌላ ወይራ ጠርበው፣ ደጋኑን ከጉቶው ቁረጠው።